ሕጉ ፈቅዷል፣ ዘመድስ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካቶሊክ ነኝ ካልክ የሚከተለው ጥያቄ ይታወቃል። «አገርህ የት ነው?» ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግኩ ነኝ ብትል አይበቃም። «እሱማ ገባኝ፤ የቤተሰቦችህን ማለቴ ነው» ይባላል። ከአዲግራት ወይም ከሐዲያ መጣን እንድትል ነው የሚጠበቀው። ጠያቂው ክፋት የለበትም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋ ዞን ነዋሪ ከመቶ ከ94 በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ ነው። የቀረው በአብዛኛው ሙስሊም ነው። በአገር ደረጃ እንኳ ካቶሊኩ ከመቶ አንድ አይሞላም። እና ካቶሊክ ሲያዩ ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም።

ግን እንግዳ ነገር አይደለም። አቡነ ማስያስ ይባሉ የነበሩት ጣሊያናዊው የካፑቺን ማኅበር መነኩሴና ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የተገናኙት እዚሁ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868። ፈንጣጣ ይከትቡ ነበር። ምኒልክን ያማክሩ ነበር። ወደ ደቡብ ልሂድ ቢሉም ንጉሡ አልለቅም ብለው ሸዋ ላይ አቆዩአቸው። ከአሥር ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገው ጉባኤ፣ ሸዋ ውስጥ ብዙ ተከታይ የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት (ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው) ተወግዟል። ይቺን ነጥብ የሸዋ ሰው ቢያስታውሳት ደስ ይለኛል። እምነቱን በአዋጅ ቀይር የተባለው ካቶሊኩና የወሎ ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። የሸዋ መነኩሴም፣ የሸዋ መኳንንትም ተብለዋል። «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ብለህ እመን» መባልን አያቶቻችን ያውቁታል።

ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ስለ ሃይማኖት ነጻነት ሲወራ አንዱ በዳይ ሌላው ተበዳይ ብሎ መክፈል አይሠራም። የእኛ የካቶሊኮቹም እጅ ንጹሕ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ በ1600ዎቹ የሮምን እምነት በአዋጅ ሲያስገቡ የኢየሱሳውያኑ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ አይዞህ ባይ ነበሩ። ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናት እንደገና ይካኑ ተባለ። ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ ራሳቸው ደክሟቸው ሃይማኖቱን መለሱ፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

ይኼ ሩቅ ነው ካልን፣ ቅርቡ ደብረ ሊባኖስ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1929 የግራዚያኒ ጦር የገዳሙን መነኮሳት ረሸነ። የጣሊያን መዝገብ ያመነው ቁጥር በዚያን ዕለት 297 መነኮሳት ነው። ቀጥሎ 129 ዲያቆናት እዚህ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንገጫ ላይ ተገደሉ። ተመራማሪዎች እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። አቡነ ጴጥሮስ ከዚያ ቀደም ብሎ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ ተረሽነዋል፤ የፍቼ ልጅ ናቸው። የገደለው ፋሺስት እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም፤ ልክ ነው። ግን ወረራው በተጀመረ በወሩ፣ ጥቅምት 1928 ዓ.ም.፣ የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር የኢጣሊያ ጦር የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ ይዞ እየሄደ ነው ብለው ሰብከዋል። ይኼ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ነው። የሰላሌ ሽማግሌ «ካቶሊክ» ሲባል ፊቱን ቢያጠቁር ካለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ካቶሊኮች ይኼን ማንሳት አንወድም። «ያ እኮ ጣሊያን ነው፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ነን» ብለን እናልፈዋለን። እውነት ነው፣ ኢትዮጵያውያን ነን። በግዕዝ እንቀድሳለን፣ ጫማ አውልቀን እንገባለን፣ ገናን ታኅሣሥ 29 እናከብራለን፣ ጥምቀትን ጥር 11። ግን እምነታችንን ያቆመው ታሪክ ጥሩው ብቻ የእኛ፣ መጥፎው የጣሊያን ሊሆን አይችልም። አቡነ ማስያስን የእኛ ካልን ስለ ሹስተርም መልስ መስጠት አለብን።

ከሮም በኩል ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 ነው። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ መጨረሻ ላይ የወጣው የሃይማኖት ነጻነት ሰነድ ማንም ሰው እምነቱን በሚመለከት በግለሰብም፣ በቡድንም፣ በመንግሥትም ሊገደድ አይገባም ይላል። ከዚሁ ሰነድ ውስጥ እኔ በተለይ የምወዳት አንዲት ቦታ አለች። እምነትን ስታስፋፋ፣ በተለይ ደሃና ያልተማረ ሰው ፊት፣ ማስገደድም የማይገባ ማባበልም አይፈቀድም ትላለች። ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ ይቺ ዓረፍተ ነገር የቅንጦት አይደለችም። ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀለ ሕዝብ በቻይና ካምፕና በሌሎችም መጠለያዎች ዓመታት አሳልፏል። ዱቄትና ብርድ ልብስ ይዞ የሚመጣ ሁሉ «ሊቀይረን ነው» ተብሎ ይጠረጠራል። ጥርጣሬው ደግሞ ከመሬት አልተነሳም። በዕርዳታ ስም ሃይማኖት የነገደ በዚህች አገር ጠፍቶ አያውቅም። ካቶሊክ የሆነ ሰው ዕርዳታ ሲሰጥ መስቀሉን ኪሱ ይክተት እያልኩ አይደለም። ተቀባዩ «ሃይማኖትህ ምንድነው» ተብሎ እንዳይጠየቅ ነው የምለው፤ በዘዴም ቢሆን።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 27 ላይ ጨርሶታል። የፈለግከውን መያዝ፣ ለብቻህም ከሌሎች ጋርም ማምለክ፣ ማስተማር፤ ማንም አያስገድድህም። በወረቀት ደረጃ የጎደለ ነገር የለም።

ጣጣው ያለው ወረቀቱ የማይደርስበት ቦታ ነው። አንድ ቀብር ላንሳ።

ደብረ ብርሃን ነው። ኅዳር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሟቿ እትዬ የምንላቸው ባልቴት ናቸው፤ ካቶሊክ። የሰፈሩ እድር ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ቆይተዋል። ከቀብር ቀርተው አያውቁም። የእድሩ ሰታቴና ብረት ድስት የሚቀመጠው እሳቸው ቤት ነበር፣ ምክንያቱም ቆጥረው ተረክበው ቆጥረው የሚያስረክቡ ሰው ናቸው። የሞቱ ለት ጥሩንባ ተነፋ። ድንኳን ተተከለ። ንፍሮው ተቀቀለ፣ ሴቶቹ ወጥ ቤቱን ያዙት። ሁሉም እንደወጉ ሄደ። ከዚያ «የት ነው የሚቀበሩት?» የሚለው መጣ።

ድንኳኑ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሽማግሌዎች በሹክሹክታ ይነጋገራሉ። አንዱ ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ተመለሰ። ደንቡ አይፈቅድም ተብሏል። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀስ ብለው ምን አሉ፦ «ሴትዮዋማ የእኛ ናቸው። ቦታው ነው የእኛ ያልሆነው።»

አስከሬኑ አዲስ አበባ ሄደ። 130 ኪሎ ሜትር። ጊዜው ደግሞ መንገዱ የሚያሰጋበት ጊዜ ነው። እድሩ አውቶቡስ ተኮናትሮ፣ ሰዉ ሞልቶበት ተከተለ። እዚያ ፍትሐቱ በግዕዝ ሲደርስ ያንን የተናገሩት ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ቆመው ነበር። ሲወጡ «ይኼማ የኛው ነው» ብለው ለጎናቸው ሰው ሲነግሩ ሰምቻለሁ። በመመለሻው ላይ ስለ ትራንስፖርቱ ወጪ ተጨቃጨቅን፣ እድሩ ግማሹን ቻለ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ማንን ትከሳለህ? አጥቢያው የራሱን መካነ መቃብር ለማን እንደሚፈቅድ የመወሰን መብት አለው። እድሩ ከሚጠበቅበት በላይ አድርጓል። ሕግ የጣሰ ሰው የለም። ሁሉም አንቀጽ 27ን አክብረዋል። ነገር ግን አንዲት ሴት ዕድሜ ልኳን ከኖረችበት፣ ሰው ስትቀብር ከኖረችበት ከተማ ለመቀበር 130 ኪሎ ሜትር መሄድ ነበረባት። ይኼን ያየ የካቶሊክ ወጣት ምን ይማራል? ኑሮ እዚህ፣ ሞት ሌላ ቦታ መሆኑን ይማራል። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ዝም ብሎ ወደ ብዙኃኑ ይቀየራል፤ አምኖ ቢሆን ደስ ባለኝ፣ ግን ብዙውን ጊዜ ቀብር ፈርቶ ነው። ቀብር ፈርቶ የተቀየረን ሰው ነጻ ሰው ነው ለማለት ይከብደኛል።

መፍትሔው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን መጫን አይደለም። ከተማ ሲሰፋ ለትምህርት ቤት፣ ለገበያ፣ ለመናኸሪያ ቦታ ይለያል። ለሁሉም የሚሆን የመቃብር ቦታም የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ይኼን አጀንዳ ግን ካቶሊኩ ብቻውን ይዞ ቢሄድ «ደግሞ መሬት ጠየቁ» ይባላል። ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያንን አውቶቡስ የተኮናተረው እድር አብሮ ቢሄድ ነው የሚሰማው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጎረቤት ነው። ስለ ራሳችን ደግሞ ልናገር፤ ያስቀይማል፣ ግን ይሁን።

ጥቂት ሆነህ ስትኖር አጥር ትወዳለህ። እያንዳንዱ የሚወጣ ሰው ቤት እንደፈረሰ ይሰማሃል። ስለዚህ የወጣውን ትቀጣለህ። የሚገርመው ደግሞ ገና ያልወጣውንም «ሊወጣ ነው» ብለህ ቀድመህ ታስወጣዋለህ። ከሁሉ በላይ ይኼ የሚታየው ጋብቻ ላይ ነው። እዚህ አካባቢ የሚኖር ካቶሊክ ወጣት ከካቶሊክ ብቻ ላግባ ካለ ምርጫው ዘመዶቹ ናቸው። ይቀልዳል ትሉኝ ይሆናል፣ አልቀለድኩም። ስለዚህ ኦርቶዶክስ ያገባል። ከመዘምራኑ ውስጥ ጥሩ ድምፅ የነበራት አንዲት ልጅ እንዲህ ሆነች። እጮኛዋ ኦርቶዶክስ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። የእሱ ቤተሰብ «ትጠመቅና በቁርባን ይጋቡ» አሉ። የእኛዎቹ «መጀመሪያ እሱ ይምጣና ይማር፣ ይቀየር» አሉ። ሁለቱም ቤተሰብ ሁለቱም ልጆች የተጠመቁ ክርስቲያኖች መሆናቸውን የረሳ ይመስል ነበር። በመጨረሻ በሽማግሌና በማዘጋጃ ተጋቡ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ መዘምራን ውስጥ አልታየችም። «ጠፋች» ይባላል። የጠፋችው እሷ ነች ወይስ እኛ ነን ያጠፋናት?

እሱ ይቀየር የሚለው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከቤተ ክርስቲያኗ ሕግ ግን አልመጣም። በግዕዝ የምንቀድሰው እኛም የምንገዛበት የምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው፣ በግልጽ ያስቀምጠዋል። ካቶሊክ ከሌላ የተጠመቀ ክርስቲያን ጋር ለመጋባት የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ካቶሊኳ እምነቷን እንደማትተው፣ ልጆቿን በእምነቷ ለማሳደግ የምትችለውን እንደምታደርግ ቃል ትገባለች። ባልየው ይኼ ቃል መገባቱን እንዲያውቅ ይደረጋል። አለቀ። ተቀየር አይባልም። እንደገና ተጠመቅም አይባልም፤ ጥምቀቱ ጥምቀት ነው። ክርስትና ላይም ከካቶሊኩ ጎን ኦርቶዶክስ የሆነ የክርስትና አባት ወይም እናት መቆም እንደሚችሉ እዚያው ሕግ ላይ፣ ቀኖና 685 ላይ ተጽፏል። ስንት ኦርቶዶክስ አያት ነች የልጅ ልጇ ክርስትና ላይ እንደ እንግዳ ከበር የቆመችው? ሕጉ ክፍት ያደረገውን በር እኛ በልማድ ዘግተነዋል። ቄሶቻችን ይኼን ያውቃሉ። ግን ከመድረክ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ «ለጋብቻ በር መክፈት» እንዳይመስል ይፈራል መሰለኝ።

አሁን «አካታችነት» ወደሚለው፣ ማንንም ሳይገፉ ሁሉን ማቀፍ ወደሚባለው። ይቺ ቃል ስትነሳ ብዙ ሰው ጆሮው የሚቆመው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ቫቲካን አንድ ሰነድ አወጣች። ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ነው የሚለው ትምህርት ሳይነካ፣ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ጨምሮ ባልተለመደ ሁኔታ የሚኖሩ ሰዎች ቡራኬ ቢጠይቁ ካህኑ ከሥርዓተ አምልኮ ውጪ ሊባርካቸው ይችላል ይላል። ጥር ላይ የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎች ኅብረት እኛ ጋ ለጥንዶች እንዲህ ያለ ቡራኬ አይኖርም አለ። መጋቢት ላይ የግብፅ ኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያን ከሮም ጋር የነበራትን ውይይት አቆመች። እዚህም ወሬው በቴሌግራም ደረሰ። «ያው፣ ካቶሊክ ይኼ ነው» ተባልን። እኛም «የለም፣ እኛ አፍሪካውያኑ እንቢ ብለናል» እያልን ወራት ፈጀን።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ጳጳሳቱ የወሰኑት ውሳኔ የሕዝባቸውን ሁኔታ ያየ ነው። ግን የቤተ ክርስቲያኗ ትምህርተ ክርስቶስ (የእምነት ትምህርቷ መጽሐፍ) ቁጥር 2358 አልተሻረም፤ እነዚህን ሰዎች በአክብሮትና በርኅራኄ ተቀበሉ፣ አግባብ የሌለው መድልዎ አታድርጉባቸው ይላል። ቡራኬውን የተቃወመ ካህንም ይኼንን ቁጥር አልተቃወመም። አንድ እናት ልጇ እንዲህ ነኝ ብሎ ቢነግራት ሄዳ የምታማክረው ካህን አላት ወይ? ደብረ ብርሃን ውስጥ የላትም ብዬ እገምታለሁ። መልሱ ይኼ ከሆነ እንቢ ማለታችን ብቻውን የሚያኮራ ነገር አይደለም።

ጫጫታው ደግሞ ሌላውን ሸፈነው። ያለ ባል የወለደችው ልጅ አለች፤ ልጇን ክርስትና ለማስነሳት ሰው በሌለበት ቀን የምትመጣ። ሸክላ ሠሪው አለ። «ቡዳ» የሚባለው፣ ከኦርቶዶክሱም ከካቶሊኩም ጋር አብሮ ማዕድ መቅረብ የሚከብደው። የሰሜን ሸዋ ካቶሊክ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ነገር ይስማማል ከተባለ፣ ሸክላ ሠሪ አለማግባት ላይ ነው። ሹልክ ብላ የቀረችልን የጋራ ሃይማኖት!

ሴቶቹም አሉ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 ሮም በተካሄደው ሲኖዶስ 54 ሴቶች ድምፅ ሰጥተዋል፤ ከዚያ በፊት ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ አንዲት መነኩሲት እኅት፣ ሲሞና ብራምቢላ፣ የቫቲካንን አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት በኃላፊነት ተረክባለች። የእኛ ቁምስና (አጥቢያ) ምክር ቤት ውስጥ ግን ሴቶቹ የሚጠየቁት ስለ ጠላው መጠን ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሊዝበን ላይ ለወጣቶች «ሁሉም፣ ሁሉም፣ ሁሉም» ብለው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ቦታ አላት ለማለት። ከሳቸው ሞት በኋላ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 የተመረጡት ሊዮ 14ኛ ናቸው። ስሙን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት የደብረ ብርሃን ጎረቤቶቼን ነው። ለእነሱ ልዮን ማለት የኬልቄዶኑ ልዮን ነው፣ በክርስቶስ ባሕርይ ላይ የተለያየንበት የ451ዱ ጉባኤ የሮም ጳጳስ፤ ካህናቱ ስሙን ሲጠሩ በውግዘት ነው። አዲሱ ጳጳስ ስሙን የወሰዱት ስለ ሠራተኞች መብት ከጻፉት ከ13ኛው ሊዮ ነው፣ ማን ያስረዳል? ያም ሆኖ አንድ ጎረቤቴ ዜናውን ሰምቶ «የናንተው ልዮን ተመለሰ አሉ» ብሎ ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ቡናችንን ጠጣን። 1,500 ዓመት ያስቆጠረ ጠብ ቡና ላይ ቀልድ ሲሆን ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሮም የምትወስነውን እኛ አንወስንም። ማዘጋጃ ቤቱም በአንድ ቀን መሬት አይሰጥም። ቁምስናችን ግን የጥምቀት መዝገብ አለው። የዚያች ልጅ ስም እዚያ ላይ አለ፤ ወላጆቿም፣ ቀኑም፣ የክርስትና እናቷም። ከእሷ በፊት «የጠፉት»ም አሉ። ባላቸው ኦርቶዶክስ የሆነ፣ ያለ ባል የወለዱ፣ ዝም ብለው የቀሩ። ከመጪው ዐቢይ ጾም በፊት መዝገቡን ገልጦ፣ ስም ዝርዝሩን ይዞ፣ ቤታቸው መሄድ ይቻላል። ከባለቤቷ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ጳጳሱ ፈቃድ ማስረዳት ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ቆሞሱ ብቻቸውን ባይሄዱ ጥሩ ነው፤ ከመዘምራኑ አንዷን ይዘው ይሂዱ፣ ጓደኞቿ ነበሩ።